የቀለም አጥርና የቀለም ትምህርት
የዳንባር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ለስደተኛው ምሁር ምን ይነግረዋል?

በዋሽንግተን ከተማ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ብዙዎቻችን ሳናስተውለው የምናልፈው አንድ ትምህርት ቤት አለ። በከተማይቱ ሰሜን ምዕራብ ክፍል፣ ወገኖቻችን ምግብ ቤትና ሱቅ ከከፈቱበት ከዘጠነኛው መንገድ በእግር የሚደረስበት ነው። የዳንባር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይባላል። ታክሲ የሚነዱ ወገኖቻችን ደጃፉን ያውቁታል፤ ታሪኩን የሚያውቁ ግን ጥቂቶች ናቸው።

በዚህ ጽሑፍ ያን ታሪክ ባጭሩ ለመተረክ እንሞክራለን። ለዚህ ያነሣሣን ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ጠቅላላ ዕውቀት ለመጨመር ያለን ፍላጎት ብቻ አይደለም። በየስብሰባችን ሲነሣና ሲጣል የኖረ አንድ ጥያቄ አለ፤ በተማረበት ሙያ እንዳይሠራ በር የተዘጋበት ሰው ዕውቀቱን ምን ያድርገው? የሚል። ጥያቄው በእኛ አልተጀመረም። ከእኛ በፊት በዚሁ ከተማ፣ በዚሁ ሰፈር፣ ከእኛ በባሰ ጭቆና ሥር የኖሩ ሰዎች ጠይቀውታል፤ በሥራም መልሰውታል። መልሳቸው ዳንባር ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

፩. ከምድር ቤት የተነሣ ትምህርት ቤት

በዋሽንግተን ባርነት በሕግ የተሻረው በሚያዝያ ወር 1862 ነበር። በብዙ የደቡብ ግዛቶች ባሪያን ፊደል ማስተማር በወንጀል ያስቀጣ የነበረበት ዘመን ገና ከሰው ትዝታ አልራቀም። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1870፣ በአሥራ አምስተኛው መንገድ ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ለጥቁር ወጣቶች መሰናዶ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፈተ። በመላው አሜሪካ ለጥቁር ልጆች የተቋቋመ የመጀመሪያው የሕዝብ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይህ ነው።

ክፍሉ ጠባብ ነበር፤ ሐሳቡ ግን ሰፊ ነበር። የዋሽንግተንና የጆርጅታውን የጥቁሮች ትምህርት ቤቶች ባለአደራዎች መሪ የነበረው ዊልያም ሳይፋክስ ራሱ በባርነት የተወለደ ሰው ነው። ስለ መምህራን ምርጫ የያዘው አቋም ግልጽ ነበር፤ በእኩል ገንዘብ የበለጠ መምህር ማግኘት እየተቻለ ያነሰውን መቅጠር የገባነውን ቃለ መሐላ ማፍረስ ነው ይል ነበር። የትናንት ባሪያ ልጅ ስሙን መጻፍ ከቻለ ይበቃዋል በሚባልበት ዘመን ሳይፋክስ ለዚያ ልጅ የሚገባው ምርጡ ነው ብሎ ተነሣ። የትምህርት ቤቱ ቀጣይ ታሪክ ሁሉ ከዚህ አቋም የሚመነጭ ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

መሪዎቹን እንመልከት። በ1871 ኃላፊነቱን የተረከበችው ሜሪ ጄን ፓተርሰን በ1862 ከኦበርሊን ኮሌጅ የተመረቀች፣ በአሜሪካ የመጀመሪያ ዲግሪ በማግኘት ፈር ቀዳጅ የሆነች ጥቁር ሴት ናት። በመካከሉ ለአንድ ዓመት የተካት ሪቻርድ ግሪነር በ1870 ከሃርቫርድ ኮሌጅ የተመረቀ የመጀመሪያው ጥቁር ነበር። እሷም ተመልሳ እስከ 1884 መራችው። ከእሷ ቀጥሎ የመጣው ፍራንሲስ ካርዶዞ ከርስ በርሱ ጦርነት በኋላ በደቡብ ካሮላይና ግዛት ከፍተኛ የመንግሥት ሥልጣን የያዘ፣ በስኮትላንድ በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ነው። ትምህርት ቤቱ ከሕንፃ ወደ ሕንፃ ሲንከራተት ቆይቶ በ1891 በኤም መንገድ ላይ የራሱ የሆነ የጡብ ሕንፃ ተሠራለት፤ ስሙም የኤም መንገድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተባለ።

፪. በር የተዘጋባቸው መምህራን

እንዲህ ያሉ ሰዎች በአንድ የከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ እንዴት ተሰበሰቡ? መልሱ የሚያኮራም የሚያሳዝንም ነው። ከሃርቫርድ ወይም ከኦበርሊን በማዕረግ የተመረቀ ጥቁር በነጮች ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ማስተማር አይችልም ነበር። የነጮች ሆስፒታል፣ የነጮች ቤተ ሙከራ፣ የነጮች የሕግ ቢሮ አይቀበለውም። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ቢሆን ከ1913 ወዲህ፣ በፕሬዚዳንት ዊልሰን ዘመን፣ የዘር መለያየቱ እየጠበቀ ሄደ። የዋሽንግተን ከተማ ግን በኮንግሬስ ሥር ትተዳደር ስለነበር የጥቁርና የነጭ መምህራን ደመወዝ እኩል ነበር። ስለዚህ በሌላ ቦታ ፕሮፌሰር፣ ተመራማሪ ወይም ዲፕሎማት ሊሆን የሚገባው ሰው በዚህ ትምህርት ቤት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ፊት ቆሞ ላቲን አስተማረ።

ምሳሌ ለመጥቀስ ያህል፣ ከባርነት የወጡ ወላጆች ልጅ የነበረውና በልጅነቱ በከሰል ማዕድን የሠራው ካርተር ውድሰን በ1912 ከሃርቫርድ የዶክተርነት ማዕረግ ሲያገኝ የዚህ ትምህርት ቤት መምህር ነበር። በ1926 የጥቁሮች ታሪክ ሳምንት እንዲከበር ያደረገው እሱ ነው፤ ያ ሳምንት ከ1976 ጀምሮ አንድ ወር ሙሉ ሆኖ በየየካቲቱ ይታሰባል። ደራሲዋ ጄሲ ፎሴት በዚሁ ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት ፈረንሳይኛና ላቲን አስተምራለች። በ1921 በአሜሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስት ጥቁር ሴቶች የዶክተርነት ማዕረግ ሲያገኙ፣ ሁለቱ፣ ጆርጂያና ሲምፕሰንና ኢቫ ዳይክስ፣ የትምህርት ቤቱ መምህራን ነበሩ። ሦስተኛዋ ሴዲ ሞሰልም ከዚሁ ትምህርት ቤት የተመረቀች ናት። አንድ የከተማ ትምህርት ቤት በአንድ ዓመት ይህን ያህል ክብር ሲጎናጸፍ ማየት ብርቅ ነው።

በሴቶቹ ላይ የነበረው ቀንበር ድርብ እንደነበረም መዘንጋት አይገባም። በጊዜው ደንብ ባል ያገባች መምህርት ሥራዋን ትለቅ ነበር። በኋላ በመላ አገሪቱ የታወቀችው ታጋይ ሜሪ ቸርች ቴረል በ1891 ስታገባ ከዚህ ትምህርት ቤት የተሰናበተችው በዚህ ምክንያት ነው።

የድካማቸው ፍሬ ቶሎ ታየ። በ1899 በከተማይቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አንድ ዓይነት ፈተና ሲሰጥ የኤም መንገድ ተማሪዎች ከሦስቱ የነጮች ትምህርት ቤቶች ሁለቱን በልጠው ተገኙ። ጥቁር በተፈጥሮው ከነጭ በታች ነው የሚለው «ሳይንስ» በዩኒቨርሲቲዎች በሚሰበክበት ዘመን፣ የዚህ ውጤት ትርጉም ከቁጥር በላይ ነበር።

፫. እጅ ወይስ አእምሮ?

የበላይ ሆኖ የሚገዛ ኃይል የተገዢው ልጅ ቢማር አይጠላም፤ የሚጠላው ምን እንደሚማር ራሱ ተማሪው ሲመርጥ ነው። በዚያ ዘመን በጥቁር አሜሪካውያን መካከል ትልቅ ክርክር ነበር። ቡከር ቲ. ዋሽንግተን ጥቁሩ አስቀድሞ የእጅ ሙያ ይማር፣ በእርሻና በአናጢነት ይጽና ይል ነበር። ይህ አስተሳሰብ በነጭ ባለሀብቶችና ባለሥልጣኖች ዘንድ ከፍ ያለ ተቀባይነት አገኘ። በዋሽንግተንም በ1902 የአርምስትሮንግ የእጅ ሙያ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ሙያ ማስተማሩ በራሱ ምንም ነቀፌታ አልነበረበትም። ጠንቁ የእጅ ሙያውን ለጥቁር፣ የቀለም ትምህርቱን ለነጭ ለማከፋፈል የታሰበው ላይ ነበር።

በዚህ ጊዜ የኤም መንገድ ርእሰ መምህርት አና ጁልያ ኩፐር ነበረች። በ1858 በሰሜን ካሮላይና በባርነት የተወለደች፣ ከኦበርሊን በሒሳብ ተመርቃ የመጣች ሴት ናት። የትምህርቱን ደረጃ ዝቅ ለማድረግ የቀረበውን ሐሳብ አልቀበልም አለች። ተማሪዎቿን ለሃርቫርድ፣ ለብራውንና ለኦበርሊን ማዘጋጀቷን ቀጠለች። የበላይ ኃላፊዎች ብቃቷንና ጠባይዋን የሚነካ ክስ አቀረቡባት፤ ጉዳዩ ለወራት በጋዜጣ ሲያከራክር ቆይቶ በ1906 ከቦታዋ ተነሣች።

ታሪኳ በዚህ አላለቀም። በ1910 ወደዚያው ትምህርት ቤት ተጠርታ ተራ የላቲን መምህርት ሆና ገባች። እያስተማረች፣ ወላጆቻቸው የሞቱባቸውን የዘመድ ልጆች እያሳደገች፣ በ1925፣ በ66 ዓመት ዕድሜዋ፣ ከፓሪስ ሶርቦን የዶክተርነት ማዕረግ ተቀበለች። የጥናቷም ርእስ በአብዮቱ ዘመን ፈረንሳይ ለባርነት የነበራት አመለካከት ነበር። በ1964 በ105 ዓመቷ ስታርፍ ባርነት የተሻረበትንም፣ የሲቪል መብቶች ሕግ ሊጸድቅ የተቃረበበትንም ዘመን አይታለች።

ይህን ክርክር የሩቅ አገር ነገር ነው ብሎ የሚያልፈው ኢትዮጵያዊ ካለ የራሱን ታሪክ ረስቷል። ፋሽስት ኢጣልያ ከ1936 እስከ 1941 አገራችንን በያዘችባቸው ዓመታት ለ«ተወላጆች» የፈቀደችው ትምህርት ከመጀመሪያ ደረጃ እንዳያልፍ ወስና ነበር። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓመተ ምሕረት በኋላም ዘመናዊ ትምህርት የቀሰሙትን ወጣቶች እየለየች ፈጀች። በዋሽንግተን በደንብና በክስ የተሞከረው በአዲስ አበባ በጥይት ተፈጸመ። ሐሳቡ ግን አንድ ነው፤ ገዢው የሚፈልገው የሚሠራ እጅ እንጂ የሚጠይቅ አእምሮ አይደለም።

፬. ትምህርት ቤቱ የማን ነበር?

በ1916 ትምህርት ቤቱ ወደ አዲስ ትልቅ ሕንፃ ተዛወረ፤ በገጣሚው በፖል ሎረንስ ዳንባርም ስም ተጠራ። ዳንባር ከባርነት የወጡ ወላጆች ልጅ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ጨርሶ ሌላ ሥራ ስላጣ የአሳንሰር ነጂ ሆኖ እየሠራ ግጥሙን የጻፈ፣ በኋላም በዋሽንግተን በኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት ያገለገለ፣ በ1906 በ33 ዓመቱ በሳንባ ነቀርሳ የሞተ ሰው ነበር። ለትምህርት ቤቱ ከዚህ የተሻለ ስም ማግኘት ያስቸግር ነበር።

የምሩቃኑ ዝርዝር ረጅም ነው። በኦፐሬሽን ጠረጴዛ ላይ የብዙ ሰው ሕይወት ያተረፈውን የደም ፕላዝማ ማከማቻ ዘዴ ያደራጀው ዶክተር ቻርልስ ድሩ፣ በፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ ዊልያም ሄስቲ፣ በ1940 በአሜሪካ ጦር የመጀመሪያው ጥቁር ጄኔራል የሆነው ቤንጃሚን ዴቪስ፣ በ1966 የመጀመሪያው ጥቁር ሚኒስትር የሆነው ሮበርት ዊቨር፣ በዚያው ዓመት በሕዝብ ድምፅ ሴናተር ሆኖ የተመረጠው ኤድዋርድ ብሩክ፣ ሁሉም የዚህ ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው።

ሆኖም ታሪክን በሙገሳ ብቻ መጻፍ አንወድም። በትምህርት ቤቱ ላይ ከጥንት ጀምሮ ሲሰነዘር የኖረ ከባድ ወቀሳ አለ። የኑሮ ደረጃቸው ከፍ ያለ፣ የቆዳቸው ቀለም ፈካ ያለ ቤተሰቦች ልጆች የሚከበሩበት፣ የድሃውና የጠቆረው ልጅ አንገቱን የሚደፋበት ቦታ ነበር ያሉ ጥቁሮች ጥቂት አይደሉም። በጭቁን ሕዝብ መካከል የጨቋኙ ሚዛን ሰርጎ ሲገባ የሚያደርሰውን ጉዳት እኛም በአገራችን በዘርና በትውልድ ቆጠራ አይተነዋልና ወቀሳውን አቃለን አናልፈውም። በሌላ በኩል የቀሩት መዛግብት ሌላም ነገር ያሳያሉ። በ1892 እና 93 የትምህርት ዘመን ሥራቸው ከተመዘገበው ወላጆች መካከል 51ዱ የጉልበት ሠራተኞች ሲሆኑ ሐኪሙ አንድ ብቻ ነበር። ትምህርት ቤቱ የመኳንንት ልጆች ብቻ ቤት አልነበረም ማለት ነው። የልብስ አጣቢዋና የተላላኪው ልጅም ከሐኪሙ ልጅ ጋር በአንድ ወንበር ተቀምጦ ላቲን ይማር ነበር።

ያም ሆነ ይህ አንድ እውነት ይቀራል። ጥቂት መቶ ልጆችን ወደ ሃርቫርድና ወደ አምኸርስት የላከ ትምህርት ቤት ሚሊዮኖችን ከመድልዎ ነፃ አላወጣም፤ ሊያወጣም አይችልም። በአገራችንም በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የነበሩት ስመ ጥር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በገበሬው ግብር ሲተዳደሩ የገበሬው ልጅ በብዛት ከደጃፋቸው አልደረሰም። የተማረው ዕዳውን የሚከፍለው ያልተማረውን ጥያቄ የራሱ ጥያቄ ሲያደርገው ነው። በየካቲት 1957 ዓመተ ምሕረት «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ የወጡ ተማሪዎች ይህን ተረድተው ነበር። ከዳንባር ልጆችም ይህን የተረዳ አንድ ሰው ነበር፤ ስሙም ቻርልስ ሃሚልተን ሂውስተን ይባላል።

፭. አጥሩ ሲፈርስ

ሂውስተን በ1911 ከኤም መንገድ ተመረቀ፤ በአምኸርስት ኮሌጅና በሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት ተማረ። ከ1929 ጀምሮ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲን የሕግ ትምህርት ቤት እንደገና አደራጅቶ በዘር መድልዎ ላይ የሚዘምቱ ጠበቆችን አሠለጠነ። ሃዋርድ ዶክተር መላኩ በያን በ1935 በሕክምና የተመረቁበት፣ እኛም በየዘመኑ የተጠለልንበት ዩኒቨርሲቲ ስለሆነ ስሙ ለአንባቢያችን እንግዳ አይደለም።

ከጦርነቱ በኋላ በዋሽንግተን የጥቁር ልጆች ክፍሎች ከመጠን በላይ ሲጨናነቁ በነጮቹ ትምህርት ቤቶች ባዶ ወንበር ይገኝ ነበር። ይህን የተቃወመውን የወላጆች ማኅበር የመራው ጋርድነር ቢሾፕ የተባለ ጸጉር አስተካካይ ነበር። ቢሾፕ የተማሩትን የመካከለኛ መደብ ጥቁሮች አያምናቸውም ነበር። ሂውስተን ግን ወደ እሱ ቀርቦ ያለ ክፍያ ጠበቃቸው ሆነ። በ1950 ሂውስተን በልብ ሕመም ሲሞት ጉዳዩን የሥራ ባልደረባው ጄምስ ናብሪት ተረከበ። በግንቦት 17 ቀን 1954 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዋሽንግተን ትምህርት ቤቶች ልጆችን በዘር መለየት ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚጋጭ ነው ሲል ፈረደ። የቀለም ትምህርት የቀለሙን አጥር በሕግ አፈረሰው። ይህን ድል ያገኙት ግን ምሁሩና ጸጉር አስተካካዩ በአንድ ላይ ሆነው ነው።

ከዚያ የሆነው የታሪኩ መራራ ክፍል ነው። እስከዚያ ዳንባር ከመላ ከተማይቱ ተማሪ ይቀበል ነበር፤ ከ1954 በኋላ በአካባቢው የሚኖሩ ልጆች ብቻ የሚገቡበት የሰፈር ትምህርት ቤት ሆነ። ነጮች ከከተማው ወደ ዳርቻ ጎረፉ። ገንዘብ ያላቸው ጥቁሮችም ሌላ ሰፈር ፈለጉ። የተማረው ጥቁር ወጣትም ሌሎች በሮች ሲከፈቱለት መምህርነት ብቸኛ ዕድሉ መሆኑ ቀረ። ሰፈሩ በድህነት እንደተዋጠ ሲቀር ትምህርት ቤቱ አብሮት ወደቀ። አሮጌው የጡብ ሕንፃም ምሩቃኑ እየተቃወሙ ፈረሰ፤ በ1977 በምትኩ ግድግዳ የሌላቸው የመማሪያ ክፍሎች ያሉበት ፎቅ የሲሚንቶ ሕንፃ ቆመ። ያም ቆይቶ ፈርሶ በ2013 አዲስ ሕንፃ ተመረቀ። በዚህ አዲስ ሕንፃ ወለል ላይ የታላላቅ ምሩቃን ስም የተቀረጸባቸው የነሐስ ሰሌዳዎች ተነጥፈዋል። ከእነሱም መካከል ገና ለሚመጡ ልጆች ታስበው ባዷቸውን የተተዉ አሉ።

ከዚህ በመነሣት «ድሮ ይሻል ነበር» የሚሉ አሉ። እኛ አንስማማም። መለያየቱ ዳንባርን አልሠራውም። መለያየቱ በመላው ደቡብ ነበር፤ በአብዛኛው ቦታ ያፈራው ጣራው የሚያፈስ፣ መጽሐፉ የተቀዳደደ የአንድ ክፍል ትምህርት ቤት ነው። ዳንባርን የሠሩት የተዘጋ በር ፊት ቆመው ያላቸውን ዕውቀት ለልጆች ለመስጠት የወሰኑ ሰዎች ናቸው። የወደቀውም አጥሩ ስለፈረሰ አይደለም። ሕጉ ሲለወጥ የመኖሪያ ቤቱ፣ የሥራውና የገንዘቡ ክፍፍል ሳይለወጥ ስለቀረ ነው።

፮. ለእኛ የሚተርፈው

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። ዛሬ በዚህች ከተማ መሐንዲስ ሆኖ መኪና የሚያቆም፣ የታሪክ ምሁር ሆኖ ታክሲ የሚነዳ፣ በአገሩ መምህር የነበረና በሌሊት ሕንፃ የሚጠብቅ ወገን ሞልቷል። እንጀራን በላብ ማግኘት አያሳፍርም። የሚያሳዝነው ዕውቀቱ ከባለቤቱ ጋር አብሮ ሲያረጅና አብሮ ሲቀበር ነው። ብዙዎቻችን አገር ሲረጋጋ፣ መንግሥት ሲለወጥ፣ በር ሲከፈት እያልን አንድ ትውልድ አሳልፈናል። የተለወጠ መንግሥት አይተናል፤ ልጆቻችን ግን በመጠበቁ መካከል አድገው የአያቶቻቸውን ደብዳቤ ማንበብ ሳይችሉ ቀርተዋል።

አና ኩፐር በሩ እስኪከፈት አልጠበቀችም። ከርእሰ መምህርትነት ስትወርድ ወደ ጥቁር ሰሌዳው ተመለሰች። ውድሰን የሃርቫርድ ዶክትሬቱን ይዞ በአንድ የከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማረ፤ ማታ ማታ ደግሞ የሕዝቡን ታሪክ ጻፈ። ሂውስተን ትምህርቱን የጸጉር አስተካካዩን ሙግት ለመሟገት አዋለው። ሦስቱም የተዘጋባቸውን በር መታገላቸውን አልተዉም፤ እስኪከፈት ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም።

ዳንባር የተጀመረው በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነው። ዛሬም በየከተማው፣ በተከራየነው የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ፣ ቅዳሜና እሑድ ሕፃናትን ሰብስበው ፊደል የሚያስቆጥሩ ጥቂት ወገኖች አሉ። ብዙ ጊዜ መምህሩ አንድ ነው፤ መጽሐፉ ቅጂ ነው፤ ወንበሩ የተለመነ ነው። ስናልፋቸው ትንሽ ነገር ይመስለናል። የሳይፋክስን ቃል የምናስታውስ ከሆነ ግን ለእነዚያ ሕፃናት የሚገባው ከእኛ የተረፈው አይደለም፤ ያለን ምርጡ ነው። ሒሳብ የተማረው ሒሳቡን፣ ታሪክ የተማረው ታሪኩን፣ ሕግ የተማረውም ለአዲስ መጥ ስደተኛ የሚሆነውን ምክር ይዞ ወደዚያ ምድር ቤት ይውረድ። ማኅበራችንም ከመግለጫና ከስብሰባ በተረፈው ጊዜ ሳይሆን በዋናው ጊዜ ይህን ሥራ ይያዘው።

በዘጠነኛው መንገድ አካባቢ የሚገኝ አንባቢ፣ አንድ ቀን ሥራ ሲፈታ፣ እስከ ዳንባር ደጃፍ ይዝለቅ። በወለሉ ላይ ስም የተጻፈባቸው ሰሌዳዎች ያለፈውን ይነግሩታል። ስም ያልተጻፈባቸው ግን የሚጠይቁት ጥያቄ አለ፤ ጥያቄው ለዚያ ሰፈር ልጆች የቀረበውን ያህል ለእኛም ቀርቧል።